ሣር ያላየች ዶሮ

ከዚህ በታች በምነግራችሁ ታሪክ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። የምምለው ወድጄ አይደለም፤ በሰፈራችን የኔ ስም ሲነሳ ሰው ወሬውን ሳይሰማ መሳቅ ስለሚጀምር ነው። ባለፈው ዓመት ንፋስ አንድን ሰው ከነጃንጥላው አንስቶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አስቀመጠው፣ በእጁ የያዘው ሻይ ጠብ አላለም ብዬ አወራሁ። እሺ፣ ሻዩ ትንሽ ፈሶ ነበር። ይሄኛው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ባንኩ አለ፤ ሣሩ አለ፤ ዘበኛውም እዚያው ቆሟል። ሄዶ መጠየቅ ነው።

ታፔላ ሠዓሊው ዶሮ በብብቱ ሸጉጦ፣ በሌላ እጁ የሥዕል ሰሌዳ ይዞ፣ የባንኩን ሣር የከበበችውን ሰንሰለት በአንድ እግሩ ተሻግሮ ነበር።

"አንተ ሰውዬ!" ዘበኛው ከቆርቆሮ ቤቱ ዘሎ ወጣ። "ማንበብ አትችልም?"

"ምኑን አባቴ?"

"'ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው' የሚለውን ነዋ!"

ሠዓሊው ዞር ብሎ ታፔላውን አየው። ነጭ መደብ፣ ቀይ ፊደል፣ ከሥሩ አንዲት ጫማ፣ በጫማዋ ላይ ሰያፍ መስመር።

"ማንበቡንስ እችላለሁ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ብለህ ብለህ ራስህ ጽፈህ ራስህ ትረግጣለህ?"

"እኔ አልረግጥም። እሷ ናት የምትረግጠው።" ዶሮዋን ከፍ አድርጎ አሳየው።

ዘበኛው በሥራው ላይ ቀልድ አያውቅም። ወደ ታፔላው ሄዶ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ስለ ዶሮ የሚል ነገር አጣበት።

"ጫማ ግን አለበት" አለ በመጨረሻ።

"ጫማ አላደረገችም።"

ዘበኛው የዶሮዋን እግር ጎንበስ ብሎ አየ። "እውነትህን ነው" አለና ራሱን አከከ። "ለመሆኑ ሣር ላይ ምን ልታደርግ ነው?"

"እሱን ነው ማየት የፈለግኩት። ይቺ ዶሮ ሣር አይታ አታውቅም።"

"ሣር ያላየ ዶሮ አለ እንዴ?"

"ይኸው።"

ዘበኛው ሰዓቱን አየ፤ የባንኩን በር አየ፤ ዶሮዋን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አንድ ደቂቃ ብቻ" አለ። እኔ በዚያ ሰውዬ ቦታ ብሆን ደቂቃ ሙሉ አላስብም ነበር። ሣር አይታ የማታውቅ ዶሮ ሣር ስታይ ምን ታደርጋለች? ይህን ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ካለ የሞተ ነው።

ሠዓሊው በሰፈሩ "ካላየሁ" ነው የሚባለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው መታወቂያው ብቻ ነው። ሥራ ይዘው ሲመጡ መጀመሪያ የሚመልሰው "ካላየሁ አልስልም" ብሎ ስለሆነ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። ሥጋ ቤቱ በሬ አዘዘው፤ በሬውን ካላየሁ አለ፤ አሳዩት። አንድ ቀንዱ የተሰበረ ነበርና በሥጋ ቤቱ ታፔላ ላይ እስከ ዛሬ ባለ አንድ ቀንድ በሬ ቆሞ ያያችኋል። የጥርስ ሐኪሙ ጥርስ አዘዘው። ሐኪሙ ከነቀላቸው ጥርሶች አንዱን ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠው፤ ካላየሁ ከነቀዳዳው ሣለው።

"የታመመ ጥርስ ደጃፌ ላይ ሰቅለህ ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው?" ቢለው፣ "ጤነኛ ጥርስ ያለው ሰው እርስዎ ዘንድ ምን ይሠራል?" አለው። ሐኪሙ አሰበበትና ከፈለ።

ሚስቱን ያገኛትም በዚሁ ጠባዩ ነው። ሊያገባት ሲፈልግ መልኳን ስሎ ላከላት፤ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ከነበረችው ብጉር ጋር። ብጉሯ በሳምንቷ ከሰመች። ሥዕሉ ላይ ግን ይኸው አሥራ አምስት ዓመቷ። "እኔ አረጀሁ፣ እሷ አላረጀችም" ትላለች ሚስቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያሳየች።

እንዲህ ያለ ሰው ድሮ እንጀራ ይበላ ነበር። አሁን ግን የሚስቱ ወንድም ከመንገዱ ማዶ ማተሚያ ቤት ከፍቶ፣ አንበሳም ብትል ጥርስም ብትል ካርታም ብትል በአሥር ደቂቃ በፕላስቲክ ላይ አትሞ ጠቅልሎ ይሰጥሃል። ካላየሁ የሚሠራው በአንዲት ክፍል ነው። ግማሿን እሱ በቀለም ጣሳ፣ ግማሿን ሚስቱ በስፌት መኪናዋ ይዘዋታል። የቤቱ ባለቤት ክፍሏን ለጫማ ነጋዴ ሊሰጣት አስቦ "የዓመቱን ኪራይ በአንዴ ካመጣችሁ እናንተው ቅሩ፤ አለዚያ በወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ" ብሏቸዋል። የሚስቱ ወንድምም ደግ ነው፣ ቦታ አዘጋጅቶለታል፤ ከማሽኑ የሚወጣውን ባነር ጠርዝ በመቁረጫ ማስተካከል። ብሩሽ የማይነካ ሥራ ነው።

እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ባለ እንቁላሉ የመጣው።

ባለ እንቁላሉ ሳቁ ከሆዱ የሚቀድም ሰው ነው። በልጅነቱ እንቁላል በቅርጫት ተሸክሞ ቤት ለቤት ይሸጥ ነበር፤ ዛሬ አሥራ ሁለት መኪና አለው። ሰኞ ዕለት በሩ ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

"አሥራ ሁለት መኪና! በያንዳንዱ ጎን አንድ ዶሮ። ቀይ ዶሮ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ቢጫ ፀሐይ። በእጅ!"

"ማዶ በማሽን ይሠራልዎት የለም ወይ ጋሼ?" አለ ካላየሁ፤ የራሱን እንጀራ በራሱ አፍ የሚያባርር ሰው ነው።

"የማሽን ሥዕል ሰው ሰልችቶታል። በእጅ የተሳለ ነገር ሰው ያምናል። ሰው የሚገዛው እንቁላሉን መሰለህ? ሣሩን ነው የሚገዛው!" ዋጋውን ሲናገር የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ። የዓመት ኪራይ ተከፍሎ የሚተርፍ ነበር።

"ዶሮዋን ካላየሁ" አለ ካላየሁ።

"ዶሮ አይተህ አታውቅም?"

"የእርስዎን አላየሁም።"

ባለ እንቁላሉ እስኪያስለው ሳቀና በማግስቱ ጠዋት በመኪናው ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰደው።

ዶሮ ቤቱ ረጅም ነው። ከአንዱ ጫፍ ሆነህ ሌላውን ጫፍ ለማየት ዓይንህን ማጥበብ አለብህ። ሦስት ደርብ የሽቦ ሣጥን፤ በያንዳንዱ ሣጥን አራት አራት ዶሮ፤ ከፊታቸው የእህል ቦይ፣ ከሥራቸው የእንቁላል ቦይ። አምፖሉ ቀንም አይጠፋም። ንጹሕ ነው፤ ይህን ካልነገርኳችሁ ሠዓሊው ይቀየመኛል፣ እሱ ራሱ "ከኔ ክፍል ይነጻል" ብሏል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞረ። ከዚያ ጋሪ የሚገፋውን ሠራተኛ ጠየቀ።

"ወንድሜ፣ ሣሩ በየት በኩል ነው?"

ሠራተኛው ጋሪውን አቆመ። "የምን ሣር? እዚህ ያለው ዶሮ ነው።"

ባለ እንቁላሉ ትከሻውን መታ አደረገው። "ሣሩን አንተ ትጨምርበታለህ። ታዲያ ለምን ሠዓሊ ተባልክ?"

"ሣር ላይ እንዴት እንደምትራመድ ካላየሁ..."

"እንደ ዶሮ ነዋ! ምን ሌላ አረማመድ አላት?" ሰውየው ግን ቸኩሎ ነበርና ሳጥን ከፍቶ አንዲት ቀይ ዶሮ አወጣለት። "በል ውሰዳት። የምታይባትን አይተህ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ንድፉን አሳየኝ።"

በሰፈራችን ሣር የት ይገኛል? መንገዱ ድንጋይ ነው፤ ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ የኳስ ሜዳውን ሣር ኳስ ከበላው ቆይቷል። አረንጓዴ ያለው በባንኩ ፊት ብቻ ነው። በጠዋትና በማታ ውኃ ይጠጣል፤ ከብዙዎቻችን ይሻላል።

አሁን ወደ ሰንሰለቷ እንመለስ። ካላየሁ ዶሮዋን ሣሩ ላይ አላስቀመጣትም። ሣሩን ከሚያዋስነው ሲሚንቶ ላይ፣ ፊቷን ወደ ሣሩ አድርጎ አቆማት። ራሷ ስትገባ ነው ማየት የፈለገው። እሱ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከሰሉን አወጣ።

ዶሮዋ ቆመች። አንገቷን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አለች። ቀኝ እግሯን አነሳች፤ ጣቶቿን እንደ ጡጫ ሰበሰበች፤ ከሣሩ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አንጠልጥላ አቆየች። ቀስ ብላ መለሰችውና ሲሚንቶው ላይ አሳረፈችው። ንፋስ መጣና ሣሩን አወዛወዘው። ዘላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ምነው?" አለ ዘበኛው።

"ዝም ይበሉ አባቴ፣ እያሰበች ነው።"

"አንድ ደቂቃው አልቋል።"

"ልወስዳት?"

"ተው እንጂ!" አለ ዘበኛው ደንግጦ። "ልትገባ ስትል?"

የባንኩን ወረፋ ታውቁታላችሁ። ከበሩ ወጥቶ ደረጃውን የሚወርድ ነው። ከወረፋው መጨረሻ ያለችው ሴትዮ መጀመሪያ አየች፤ ከፊቷ ላለው ነገረችው፤ እሱም ከፊቱ ላለው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረፋው እንዳለ ተነስቶ ሰንሰለቷ ዙሪያ ተሰለፈ። ዕዳውን ሊከፍል የመጣ አንድ ሰውዬ ዶሮዋን ለማየት እንደወጣ ሳይመለስ ቀርቷል ይባላል፤ እሱን እንኳ ዶሮዋ ላይ ባናሳብብ።

"ትገባለች። በለስላሳ መጠጥ እወራረዳለሁ" አለ አንድ ሾፌር።

"አትገባም" አለች ሴትዮዋ። "የኔ እህት ከአዲሱ ቤቷ ሳሎን ለመግባት ሦስት ወር ፈጅቶባታል፤ ምንጣፉን ፈርታ።"

"ረሃብ ያስገባታል" አለና ሾፌሩ ከኪሱ ጥሬ አውጥቶ ሣሩ ላይ በተነ። የሾፌር ኪስ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። ዶሮዋ ወዲያው አየችው። እግሯን ግን ንቅንቅ አላደረገችም። በሽቦ መሐል እንደምታሾልክ አንገቷን ዝቅና ቀጥ አድርጋ ዘረጋች፤ አንገቷ የደረሰበትን ያህል ለቀመች፤ የራቀውን ዝም ብላ አየችው።

"ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው ሲባል" አለ አንድ ሽማግሌ፣ "ይቺስ እያየችውም ተወችው።"

"ታገሷት፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አለው ሌላው።

"እንቁላሉማ ይሄዳል! እናትየዋ ናት እምቢ ያለችው።"

ሰዉ ሲስቅ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን እያስተካከለ ወጣ። "ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው?"

ዘበኛው ቀጥ ብሎ ቆመ። "ዶሮ ናት ጌታዬ። እስካሁን ሣሩን አልረገጠችም።"

ሥራ አስኪያጁ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ዶሮዋ በዚያች ቅጽበት ቀኝ እግሯን አነሳች። አፉን እንደከፈተ ቀረ። እግሯን መልሳ ሲሚንቶው ላይ አሳረፈች።

"ለምን አትገባም?" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የጠፋበትን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ድምፁ ለስልሶ። እጁን አጣምሮ እሱም ቆመ።

ካላየሁ ሰዉን አልሰማም። እሱን ሌላ ነገር ይዞታል። ዶሮዋ በቆመችበት ስትዞር፣ እግሯ ባረፈበት ሁሉ በከሰል ነጥብ እያደረገ ነበር። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አነሳትና ነጥቦቹን ተመለከተ። ሲሚንቶው ሰፊ ነው፤ መኪና ያቆማል። ነጥቦቹ ግን አንዲት አራት ማዕዘን ውስጥ ተጠጋግተው ነበር። ከስንዝር ተኩል አታልፍም። የሥዕል ሰሌዳውን አምጥቶ ቢያስቀምጥባት ሰሌዳው ሸፈናት። ማንም ያልሠራው ግድግዳ፣ ሽቦ የሌለው የሽቦ ሣጥን፤ ዶሮዋ ይዛው መጥታለች።

ዘበኛው ነጥቦቹን አየ። ቀጥሎ ዞሮ የራሱን የቆርቆሮ ቤት አየ። "እኔም እንኳ..." ብሎ ጀመረና ተወው።

ሠዓሊው ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ነበር። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም "ረገጠች ወይስ አልረገጠችም?" አለችው።

"አልረገጠችም።"

"ወይ ጉድ! እኔ ትረግጣለች ብዬ ነበር።"

እኔ በዚህ ሰዓት የክፍላቸውን ቁልፍ ልጠግን ገብቼ ነበር። ቁልፉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ያን ቀን አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ስለዚህ የምነግራችሁን በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ንድፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሲሚንቶ ላይ የቆመች ዶሮ፣ አንድ እግሯ ሣሩ ላይ ተንጠልጥሎ። ሚስቱ መኪናዋን ትታ መጣች። ብዙ ጊዜ አየችው።

"እንዲህ ያለ ነገር ከሣልክ ቆየህ" አለች።

"እሱ ግን የሚፈልገው ይህን አይደለም።"

"አውቃለሁ።" መርፌዋን ከንፈሯ ላይ ነክሳ አሰበች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትናንት ሴትዮዋ 'ወገቤን ቀጭን አስመስለሽ ስፊልኝ' አለችኝ። ሰፋሁላት። እኔ ውሸታም ነኝ?"

"ሴትዮዋ ቤቷ መስታወት አላት።"

"እና?"

"ራሷን ታያለች። እንቁላል የሚገዛው ሰው ግን ዶሮዋን አያያትም። ያየሁለት እኔ ነኝ።"

"መልካም። ታዲያ መኪናዬን የት ልታስገባት ነው? እሷንም አንተ ታይልኛለህ?"

ካላየሁ ዶሮዋን ጠረጴዛው ሥር አስቀመጠና ሰዓቱን ጠበቀ።

ባለ እንቁላሉ በአሥራ አንድ ሰዓት ገባ፤ አንድ ጣሳ አረንጓዴ ቀለም በእጁ ይዟል። "ሥራውን ላቃልልልህ ብዬ ነው፤ ምርጡ ቀለም ነው!" ንድፉን አንስቶ ወደ መስኮቱ አዞረው። ይቆጣል ብለን ነበር፤ ፊቱ በራ።

"በጣም ቆንጆ! በሕይወት አለች እኮ! ላባዋን ንቀል ንቀል አለኝ እኮ!" ከዚያ ጣቱን ሲሚንቶው ላይ አሳረፈ። "ይቺን ብቻ፣ ይቺን ግራጫዋን በአረንጓዴ ሙላልኝ። ሌላ አንዲት ነገር እንዳትነካ።"

"እሱማ ሲሚንቶ ነው ጋሼ።"

"አየሁ። ቀለሙማ ለዚህ ነው።"

"አልገባችም እኮ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆማ አልገባችም።"

"ለምን?" አለ ባለ እንቁላሉ። ቀልዱን አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ያለችውን ዶሮ አየ። "የኔ እናት ዶሮዎች እኮ በር ከተከፈተ አንይዛቸውም ነበር። ከወንዝ ማዶ ነው የምንለቅማቸው። ይቺ ለምን አልገባችም?"

"አላውቅም። ስንት ቀን ቢፈጅባት እንደምትገባ ማየት እፈልጋለሁ። የገባች ቀን እስልልዎታለሁ፤ ሣሩ መሐል፣ ፀሐዩም ጭምር።"

"መኪኖቹ ሰኞ ይወጣሉ።"

"እንግዲያው እንቁላሉን ልሣልልዎ። እንቁላሉን አይቼዋለሁ። ጥሩ እንቁላል ነው።"

"እንቁላልማ ካርቶኑ ውስጥ አለ!" ባለ እንቁላሉ እንደገና ሳቀ። "ያለውን ነገር ማን ይሥላል?"

"እኔ።"

ሳቁ በረደ። ሰውየው የጣሳውን ክዳን በሳንቲም ፈልቅቆ ከፈተ፤ ብሩሽ ከሚቀመጥበት ማሰሮ አንዱን መርጦ ለካላየሁ በእጁ ሰጠው። "ስማኝ ወንድሜ። አንተን ብዬ ነው የመጣሁት። የቤቱንም ነገር ሰምቻለሁ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ሙላትና ይቺን ክፍል ይዘህ ቆይ።"

እውነት ነው፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ሚስቱ የስፌት መኪናዋን መንኮራኩር በመዳፏ ይዛ አቆመችው። እኔም የቁልፉን ሞረድ አቆምኩ። ካላየሁ ብሩሹን ጣሳው ውስጥ ነከረ።

መሣል ጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ ያለውን ሣር፣ ከዚያ ቀረብ ያለውን፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየለየ ከዶሮዋ ጣቶች ሥር ያለውን። ንፋሱ ያወዛወዘውን እንዳወዛወዘው ጋደም አደረገው። ባለ እንቁላሉ በትከሻው በላይ እያየ "እንዲህ ነው! እንዲህ ነው!" ይላል። ብሩሹ የሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ደረሰ። ካላየሁ እጁን አነሳ። ብሩሹን አኳራጅ ውስጥ ነክሮ አጠበው፤ በጨርቅ ጠረገው።

"ቀጥል እንጂ" አለ ባለ እንቁላሉ።

"አልቋል ጋሼ።"

"ምኑ?"

"ሣሩ። እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።"

ባለ እንቁላሉ የጣሳውን ክዳን አንስቶ ሊገጥም ሞከረ፤ አልገጠም አለው፤ ተወው። "ማዶ ያለው የሚስትህ ወንድም ነው አይደል?" አለ።

"አዎ። በአሥር ደቂቃ ይሠራልዎታል።"

"ዶሮዋን..."

"ለጥቂት ቀን ብትቆይልኝ፤ ማየት የጀመርኩት ነገር ስላለ ነው።"

ባለ እንቁላሉ በር ላይ ቆመ። "ያንተው ትሁን። ለኔ አንዲት ዶሮ ምኔም አይደለች" አለ። ሄደ ብለን ስናስብ ጭንቅላቱን መልሶ አስገባ። "የገባች እንደሆነ ግን ደውልልኝ። ለመኪናው አይደለም፤ እንዲሁ ነው" ብሎ መንገዱን ተሻገረ።

ሚስትየዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። የተቆጣች ጊዜ ክር በመቀስ አትቆርጥም። የጀመረችውን ጠርዝ እስከ መጨረሻው ሰፋች፤ ቀሚሱን አጠፈች፤ ከዚያ ነው የተናገረችው።

"መኪናዬን አልጋችን አጠገብ እናደርጋታለን። አንተ ስታንኮራፋ እኔ እሰፋለሁ።"

"አላንኮራፋም።"

"አላየኸውማ! ብታየው ትሥለው ነበር።" ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። "እሷንስ? አልጋው ሥር ልታስተኛት ነው?"

በወሩ መጨረሻ ክፍሏን ለቀቁ። አሁን እዚያ የሚሸጠው ጫማ ነው። ካላየሁ ማዶ ገብቶ የባነር ጠርዝ ይቆርጣል፤ መጀመሪያ የቆረጠው ደግሞ የባለ እንቁላሉን ነው። ቀይ ዶሮ፣ አረንጓዴ ሣር፣ ቢጫ ፀሐይ፤ አሥራ ሁለት ጊዜ። ቀጥ አድርጎ ነው የቆረጠው፤ ጠርዝ ጠርዝ ነው አለ። ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዶሮዋን በብብቱ፣ ሰሌዳውን በእጁ ይዞ ባንኩ ይሄዳል። ዘበኛው ሰንሰለቷን ራሱ ዝቅ ያደርግለታል። ሰሌዳው ላይ በየቀኑ አንድ ንድፍ ይጨመራል፤ ነጥቦቹም በጣት ስፋት፣ በጣት ስፋት እየሰፉ ነው።

እናም በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ዶሮዋ ቀኝ እግሯን አነሳች፤ ሣሩ ላይ አሳረፈች፤ ግራዋን አስከተለች፤ እንደ ንግሥት እየተጎማለለች እስከ መሐል ድረስ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ዘበኛው ቆቡን ወደ ላይ ወረወረ።

ይህን ጽፌ ለካላየሁ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና "ስትገባ አይተሃታል?" አለኝ።

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም" አለ።

እሺ። ማክሰኞዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። አልገባችም፤ እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ድረስ አልገባችም። እግሯን ግን አሁን ስታነሳ ቶሎ አትመልሰውም። እሱን አይቻለሁ።